ምርጡ የተራራ ብስክሌት መንገድ የቱ ነው? ወሩንም አብራችሁ ንገሩን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በስፖርት ገጻችሁ ላይ «ለተራራ ብስክሌት እንጦጦ፣ ሱባ ወይስ ወንጪ?» በሚል የተጀመረውን የአንባቢያን ክርክር በደስታ ስከታተል ሰንብቻለሁ። ችግሩ፣ እስካሁን የወጡት ደብዳቤዎች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚያወሩት ስለ ዕይታ ነው። ከእንጦጦ አናት ከተማው እንዴት እንደሚታይ፣ የወንጪ ሐይቅ እንዴት እንደሚያምር ተጽፏል። ለዕይታማ መኪናም ያደርሳል። ብስክሌት ነጂ ቁልቁለት ላይ የሚያየው ከፊት ጎማው ፊት ያለችውን አምስት ስድስት ሜትር መሬት ነው፤ ቀና ብሎ ከተማ ካየ የዛፍ ሥር ላይ ወድቆ ይነሳል። እንግዲህ ክርክሩም ስለዚያች መሬት ይሁን።

የኔን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር። ለመስቀል ሰሞን እንጦጦ፣ ለጥቅምትና ለኅዳር ሱባ፣ ለታኅሣሥና ለጥር ወንጪ። ዓመቱን በሙሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ ሱባን እመርጣለሁ። ባሌን የጠቀሱ አሉ፤ እሱ ለብቻው የሚታይ ስለሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቁልቁለት። የእንጦጦ ወዳጆች የሚያወድሱት ከጫፍ ወደ ከተማው ቀጥ ብሎ የሚወርደውን አቋራጭ ነው። ያ መንገድ ለብስክሌት ተብሎ የተቀየሰ አይደለም፤ እንጨት የተሸከሙ እናቶችና የተጫኑ አህዮች ርቀት ለማሳጠር በእግራቸው ያወጡት ነው። ውሃ ደግሞ የሚወደው እንዲህ ያለውን መንገድ ነው። ዝናቡ የእግር ዱካውን ተከትሎ ይወርዳል፣ በየክረምቱ ይቦረቡረዋል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቦይ ይሆናል። ዘንድሮ ያለፋችሁበት መስመር በሚቀጥለው ዓመት ፔዳል የሚያስመታ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

መንገድ ሠሪዎች ለዚህ ቀላል ደንብ አላቸው፤ ኢምባ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበርም ያስተምረዋል። የመንገዱ ተዳፋት ከተራራው ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ አማካዩ ደግሞ 10 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ተራራው 30 በመቶ ካዘቀዘቀ መንገዱ ቢበዛ 15 በመቶ ይሁን ማለት ነው። 300 ሜትር ከፍታ ቀጥ ብሎ በ30 በመቶ ለመውረድ 1 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ በ10 በመቶ ለመውረድ 3 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ያኛው ፍሬን ጨብጦ መንሸራተት ነው፣ ይኼኛው መንዳት ነው። በዚሁ ማኅበር ምልክት መሠረት አማካይ ተዳፋቱ እስከ 5 በመቶ የሆነው መንገድ አረንጓዴ ክብ፣ እስከ 10 የሆነው ሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ እስከ 15 የሆነው ጥቁር አልማዝ ይሰጠዋል። በዚህ ሚዛን ከእንጦጦ ቀጥታ አቋራጮች ብዙዎቹ ከጥቁሩም ያልፋሉ። የሚያልፉት ግን መንገዱ ጥበብ ስላለው አይደለም፣ ስለፈራረሰ ነው።

መለካቱ ከባድ አይደለም። 10 ሜትር ሲባጎና ግንበኞች የሚጠቀሙበት የሲባጎ ውሃ ልክ በቂ ነው። አንዱ ሰው ሲባጎውን ላይኛው በኩል መሬት አስነክቶ ይይዛል፣ ሌላው ታችኛውን ጫፍ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ከፍ ያደርጋል። በታችኛው ጫፍና በመሬቱ መካከል 1 ሜትር ካለ ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ ሜትር ተኩል ካለ 15 በመቶ ነው። አንድ ቦታ ለክቶ መፍረድ ስህተት ነው። ቢያንስ በየ50 ሜትሩ ይለካ፤ መሐል ላይ ትንሽ ሽቅብ የሚልበት ቦታ መኖር አለመኖሩም ይታይ። ውሃው ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ጎን የሚፈሰው እዚያች ላይ ነውና፣ እሷ የሌለችው መንገድ ዕድሜ የለውም።

ይህን ሁሉ ብዬ እንጦጦን ለመስቀል ሰሞን ያስቀደምኩት ጀርባ ጀርባውን ስለሚሄዱት መንገዶቹ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ጀርባ ፀሐይና ነፋስ ስለሚያገኘው ከክረምቱ ቶሎ ይላቀቃል፤ ሱባ ገና ሲያንጠባጥብ እዚህ ቀዩ አፈር ጠጥሮ ጎማ ይይዛል። ከየካቲት በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ እንደ ጡብ ይደርቅና ላዩ ላይ ዱቄት መሳይ አቧራ ይቀመጥበታል። የባሕር ዛፉ ነገር ደግሞ አለ። ማጭድ መሳዩ ቅጠል ሰም የተቀባ ያህል ለስላሳ ስለሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል፤ ፍሬው ጠንካራ ነው፣ ጠመዝማዛ ላይ ካጋጠመ ብይ ላይ እንደመቆም ነው። ቅጠሉ ባለበት ስፍራ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ቅጠሉ በሌለበት ደግሞ ለቃሚዎች ለማገዶ ጠርገውት መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ የሚሸረሸረውም ስለዚህ ነው። እነሱን መውቀስ አይገባም፤ እንጀራ የሚጋገርበት ነው።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ የተነጠፈ መንገድ ለጀማሪና ለልጆች ጥሩ ነው። ከዚህ ክርክር ግን ውጭ ነው፤ የተነጠፈ የተነጠፈ ነው።

ወደ ሱባ እንሂድ። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ይህ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ለብስክሌት የሚጠቅመው ታሪኩ ሳይሆን ጥላው ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ከፍ ሲልም ኮሶው የዝናቡን ጉልበት ከላይ ይቀበሉታል፤ የረገፈው ቅጠልና ሥር የሰደደው ቁጥቋጦ አፈሩን ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት በጥቅምት የሱባ አፈር እርጥበቱን ሳይለቅ ይጠነክራል። በእጅ ሲጨበጥ ይያያዛል፣ ሲለቁት ይፈረፈራል። ለጎማ ከዚህ የተሻለ አፈር የለም። ከወጨጫ ጫፍ ግርጌ እስከ ደኑ በር ያለው የከፍታ ልዩነትም ግማሽ ቀን ሙሉ ያስነዳል።

ችግሩ ሥሩ ነው። መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ የጥድ ሥር ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። የሚሻገሩት ቀጥ ብለው፣ ፍሬን ለቀው፣ የፊት ጎማውን በትንሹ አቅልለው ነው። ሰያፍ ያለውን ሥር ሰያፍ ሆኖ የሚሻገር ሰው ጎማው በሥሩ ቁመት ይሸሽበታል፤ ሱባ ላይ የሚታየው አወዳደቅ አብዛኛው ይኸው ነው። የጎማ ቁመትም እዚህ ላይ ይለያል። 29 ኢንች የሆነው ሥሩን ዘሎት ያልፋል፣ 26 ግን ይገባለታል። በሌላ በኩል የ26 የውስጥ ጎማ በየሰፈሩ ጎሚስታ ይገኛል፣ የ29 ግን ፈልጎ ማግኘት ነው። በጭንቅ ጊዜ የ26ቱን ለጥጦ 29 ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ቤት ያደርሳል፣ ከዚያ በላይ አይታመንም።

የጎማ ነፋስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎሚስታው እንደ ሞተር ሳይክል እስኪደርቅ ይሞላዋል፣ ነጂው ደግሞ «መንገዱ ያንገጫግጫል» ብሎ መንገዱን ይወቅሳል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ 2.2 ኢንች ስፋት ላለውና የውስጥ ጎማ ለተገጠመለት ጎማ፣ ከፊት 27 ከኋላ 30 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ጥሩ መነሻ ነው። ድንጋይ ለሚበዛበት 2 ወይም 3 ይጨመር፤ ከ25 ከወረደ ጎማው ከድንጋይ ጋር ሲላተም ቸርኬው የውስጡን ጎማ ቆንጥጦ ሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳ ያወጣል። ቀዳዳው አንድ ከሆነ እሾህ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀጋ። ያኔ የውስጡን ጎማ ከመለጠፍ በፊት የላይኛውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳብሱት። በጣት አይሆንም፣ የቀጋ እሾህ እንደ መንጠቆ ነው።

ወደ ሱባ በሰበታ በኩል የሚሄድ ሰው ደኑ ሳይደርስ የሚያጋጥመውን ጥቁር አፈር አይናቀው። ክረምት ላይ ይህ አፈር ጎማውን ከተጠቀለለበት አይለቅም። በጎማውና በሹካው መካከል ይሞላል፣ ከዚያ ሰንሰለቱን ይይዛል። ነጂው በጉልበቱ ሲረግጥ የሚሰበረው የኋላ ማርሽ መለወጫው የተሰቀለባት ትንሽ ብረት ናት። እሷ ሆን ተብሎ ከሌላው አካል ቀድማ እንድትሰበር ተደርጋ የተሠራች ናት፤ የአንዱ ብስክሌት ለሌላው አትሆንም፣ ሰበታም ብትዞሩ አታገኟትም። መለዋወጫዋን ከኮርቻው ሥር አስሮ መያዝ ነው። ቀላሉ መመዘኛ ይኸው፦ ጎማው ካለፈበት የቀረው አሻራ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከጠለቀ ተመለሱ። ለብስክሌታችሁ ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም ነው፤ ያ አሻራ ሲደርቅ ቦይ ይሆናል።

ወንጪን ሦስተኛ ያደረግኩት ውበቱን ጠልቼ አይደለም። በእሳተ ገሞራው ጠርዝ ላይ የሚዞረው መንገድ ግሩም ነው፣ አፈሩም ልል ስለሆነ ውሃ ቶሎ ያሰርጋል። የማይዋጥልኝ «ወደ ሐይቁ መውረዱ ነው ምርጡ» የሚለው ነው። ወደ 400 ሜትር ከፍታ የሚወርደው መንገድ ፈረስ የሚመላለስበት በመሆኑ በኮቴ ተበሳስቷል፤ ከወረዱ በኋላ ደግሞ ያንኑ ከፍታ መውጣት አለ። ወደ 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ነው። ከፊት 32፣ ከኋላ እስከ 46 ጥርስ ያለው ማርሽ ከሌለ ብዙው መንገድ የሚያልቀው ብስክሌት በመግፋት ነው። ጠርዙን ዙሩት፣ ሐይቁን በፈረስ ጎብኙት። በእንሰት ጓሮዎቹ መካከል ስታልፉ ውረዱና ግፉ፤ ያ የሰው ደጅ ነው።

ባሌን በተመለከተ፣ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሐረና ጫካ ወደ ደሎ መና የሚወርደው በአገራችን ካሉት ረጅሞቹ ቁልቁለቶች አንዱ ነው። 4,000 ሜትር ከደረሰው አምባ ተነስቶ 1,300 ሜትር አካባቢ ያለች ከተማ ያደርሳል። ግን መኪና የሚሄድበት ኮረኮንች ነው፤ ከቀጭን የጫካ መንገድ ጋር ማወዳደር ጤፍን ከገብስ ማወዳደር ነው። ለሚሄድ ሰው ግን ስለ ፍሬን አንድ ነገር ልበል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ውስጥ ጥቂት ውሃ ከገባ ታች፣ ዲስኩ አጠገብ ይቀመጣል። ውሃ በ4,000 ሜትር ላይ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። ዲስኩ ሲግል ውሃው ይተናል፣ እንፋሎቱም ይጨመቃል፣ የፍሬኑ እጀታ ያለ ምንም ኃይል መሪው ድረስ ይመጣል። ከመነሳታችሁ በፊት እጀታውን ጨብጣችሁ 30 ሰከንድ ያዙት። ቀስ እያለ ከገባ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ደጋግመው ሲጨብጡት የሚጠነክር ከሆነ ውስጡ አየር አለ። በሁለቱም አትውረዱ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አጥብቆ ይዞ መልቀቅ እንጂ እየጎተቱ መሄድ አይገባም፤ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስም ያጣምመዋል። የጎማውን ነፋስ ግን ሳነቴ ላይ ለማስተካከል አትድከሙ። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ያለው ከፍታ 2 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፣ የማለዳው ብርድ ደግሞ ያንኑ ያህል ይቀንሳል።

የትም ይሁን የት የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ከአካባቢው ሰው መጠየቅ፣ ሱባም ሲሆን ብስክሌት የሚፈቀድበትን መስመር ከደኑ ጠባቂዎች ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እንጦጦ ላይ ሸክም ያላት እናት ከመንገድ ትውጣ ብሎ ደወል መደወል ነውር ነው፤ ወራጁ ነው የሚቆመው። የተጫነ አህያ ሲመጣ ደግሞ ከብስክሌት ወርዶ በተራራው በኩል መቆም ነው። በገደሉ በኩል የቆመን ሰው ጭነቱ ገፍቶ ይጥለዋል፤ አህያው ምን ያውቃል።

እንጦጦን አንደኛ ያላችሁ ወገኖች ቅርበቱን ስታነሱ እውነታችሁን ነው። በሳምንት ሦስቴ የሚነዱትን መንገድ እያንዳንዱን ሥር በስሙ እስከመጥራት ያውቁታል፤ ይህን ወንጪ አይሰጥም። በቁልቁለቱ ነገር ግን ሲባጎና ውሃ ልክ ይዛችሁ ውጡ። ያ የምታወድሱት አቋራጭ አማካዩ ከ15 በመቶ በታች ሆኖ ከተገኘ፣ የለካችሁበትን ቦታና ወር ጽፋችሁ ላኩ፤ እኔም በዚሁ ገጽ ላይ ፍርዴን እቀይራለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የብስክሌት ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ