ሆን ብለን ስለምንጥለው መንኮራኩር

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ «ይህን ያህል የደከማችሁበትን ዕቃ ስለምን ሆን ብላችሁ ትጥሉታላችሁ?» ብለው ሲጠይቁኝ የሰጠሁዎ መልስ እኔንም ስላላረካኝ፣ ረጋ ብዬ ልጽፍልዎ ወሰንኩ።

እኔና ዐሥር የክፍል ጓደኞቼ ለመመረቂያ የምንሠራው ጨረቃ ላይ የሚያርፍ መንኮራኩር ናሙና ነው። እርስዎ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሙሉ ጭነት ይዘው ሲወርዱ፣ ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ መኪናውን በሞተር ይይዙት ነበር። ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ዣንጥላ አይሠራም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍሬኑ ሞተሩ ብቻ ነው፣ ነዳጁ ካለቀም ዳር ይዞ መቆም የለም።

የመጨረሻውን ምት የሚቀበሉት አራቱ እግሮች ናቸው። በውስጣቸው የማር እንጀራ የመሰለ ስስ አሉሚኒየም አለ፤ ሲመታ እየተጨማደደ ኃይሉን ይውጣል እንጂ እንደ ባሌስትራ መልሶ አያነጥርም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው መንኮራኩር እግሮችም እንዲሁ ነበሩ። ከግማሽ ሜትር ገደማ ከፍታ የምንለቀው መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ያህል እንዲሆን ነው። ጨረቃ ላይ ክብደቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ቢወርድም መጠነ ቁሱ፣ ማለትም የተሠራበት ቁስ ብዛት፣ ያው ስለሆነ፣ በዚያ ፍጥነት ሲያርፍ እግሮቹ ሊውጡት የሚገባው ጉልበት እዚያም ከዚህ እምብዛም አይለይም። እንግዲህ የምንጥለው ለዚህ ነው፤ የተጨማደደውን አሉሚኒየም አውጥተን ስንለካው የሚነግረንን የትኛውም ስሌት አይነግረንም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማርስ ፖላር ላንደር የተባለው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1999 ማርስ ላይ ሊያርፍ ሲል ጠፋ። መርማሪዎቹ ከሁሉ ይልቅ የሚመስል ብለው ያስቀመጡት ምክንያት ይህ ነው፦ እግሮቹ ገና ከፍታ ላይ ሲዘረጉ የፈጠሩትን መናወጥ ኮምፒውተሩ መሬት እንደ መንካት ቆጥሮ መዝግቦ ያዘው፤ ከዚያም 40 ሜትር ያህል ሲቀረው ሞተሩን አጠፋው። አባዬ፣ ይህን ታሪክ አንብቤ አውቀው ነበር። ሆኖም ባለፈው ወር ናሙናችንን አንጠልጥለን እግሮቹን ስንዘረጋ፣ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም አየር ላይ ሳለ «አርፌያለሁ» አለ። ቀኑን ሙሉ አፍሬ ዋልኩ። አሁን ከፍታ መለኪያው መሬት መቃረቡን ካላረጋገጠ፣ ምልክቱም ከአንድ በላይ ከሆነ እግር ካልመጣ፣ ፕሮግራሙ ሞተሩን እንዳያጠፋ አድርጌዋለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ እንደገና እንጥለዋለን። እስከዚያ አንድ ነገር ይንገሩኝ፦ ያን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ፍሬኑ መሽተት ከመጀመሩ በፊት መጋሉን በምን በምን ያውቁት ነበር? ከእግርዎ ስሜት ነው፣ ከድምፁ ነው ወይስ ከሁለቱም?

አክባሪ ልጅዎ