የቴስላና የሉል ነገር

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የኤሌክትሪክ ፈልሳፊው ኒኮላ ቴስላ ሉል (ለጌጥ የሚሆነውን ዕንቁ) ይፈራ ነበር የሚባለውን ብዙዎች ተረት ነው ብለው ያልፉታል። ወሬው ግን የወጣው ከራሱ ብዕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 «ኤሌክትሪካል ኤክስፐሪመንተር» መጽሔት ላይ ባወጣው የሕይወት ታሪኩ የሴቶች ጉትቻ እጅግ እንደሚያስጠላው፣ ሉል ሲያይ ደግሞ እንደ በሽተኛ ራሱን ሊጥለው ምንም እንደማይቀረው ጽፏል። ስለዚህ መሠረት አለው፤ የገለጸው ግን ፍርሃትን ሳይሆን ጥላቻን ነው። ጌጥ ሁሉ ያስጠላው ነበር ማለትም ስህተት ነው፤ አምባር እንደ አሠራሩ ደስ ይለው ነበር፣ የክሪስታል ብልጭታማ ይማርከው ነበር። እንደ ጻፈው፣ የኮክ ፍሬ ማየት ትኩሳት ይለቅበታል፤ ቤት ውስጥ ካምፎር የሚባለው ሽታው ኃይለኛ ነገር ቁራጩ እንኳ ካለ እረፍት ያጣል። የሾርባ ሳህኑንና የቡና ስኒውን ይዘት ካላሰላ ምግብ አይጥመውም፤ የሚደጋግመው ሥራ ሁሉ ቁጥሩ ለሦስት መካፈል አለበት። አንባቢ ይህን የቴስላን ጽሑፍ ራሱ ቢያነበው ደስ ይለኛል።