የታሪክና ጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ መስመሩን ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ሰነድ አሰመረው?

የታሪክና ጂኦግራፊ ክበብ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በየወሩ አዲስ ርእስ ከመያዝ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲሠራ የወሰነው በመስከረም ወር በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ ነው። አባላቱ በድምፅ ብልጫ የመረጡት በየዕለቱ በዜና የሚሰሙትን፣ መነሻውን ግን በቅጡ ያልተማሩትን፣ የእስራኤላውያንንና የፍልስጤማውያንን የመሬትና የድንበር ውዝግብ ነው። የክበቡ ተጠሪ መምህር እንደመሆኔ ምርጫውን የደገፍኩት ጉዳዩን አቅልዬ ስላየሁት ሳይሆን፣ ተማሪዎቻችን ሳይመረምሩት አስቀድመው ወገን ይዘውበት ስለነበር ነው።

ከአባላቱ ከፊሎቹ እስራኤልን የሚያውቋት ከቅዱሳት መጻሕፍት ንባብና ከሰንበት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ሌሎቹ ደግሞ ስለ አል-አቅሳ መስጊድ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እየሰሙ ያደጉ ናቸው። በመካከላቸው ጠብ አልነበረም፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውይይቱ ሁሉ ወደ እምነት ክርክር እያመራ አላራምድ ብሎ ነበር። ስለዚህ በአባላቱ ስምምነት አንድ ደንብ ወጣ፦ ስለ አንድ ድንበር የሚናገር ሰው መስመሩን ማን፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ሰነድ እንዳሰመረው አስቀድሞ ይጥቀስ። የማንም እምነት እንደተከበረ ሆኖ፣ በክበቡ ውስጥ የሚመዘነው ሰነድ እንዲሆን ተደረገ። ይህ ደንብ የዓመቱን ሥራ ሁሉ መርቶታል፤ «የሺህ ዓመታት ጠብ ነው፣ መፍትሔ የለውም» የሚለውን በየቦታው የሚሰማ አባባልም ለመፈተን ረድቶናል። እኔ በበኩሌ ይህ አባባል ከእውነት የራቀ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው ብዬ አምናለሁ። በካርታው ላይ የሚታዩት መስመሮች ሁሉ ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ ስማቸው በሚታወቅ ሰዎችና ጉባኤዎች የተሰመሩ ናቸውና።

ሥራው የተጀመረው መሠረታዊ ካርታ በማዘጋጀት ነው። አባላቱ ከሜዲትራኒያን ባሕር እስከ ዮርዳኖስ ወንዝ ያለውን ምድር በትልቅ ወረቀት ላይ ሣሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱን የድንበር ሐሳብና ስምምነት ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ ለየብቻ እየሣሉ በላዩ ላይ ደረቡ። የመጀመሪያው ሽፋን ከኦቶማን ቱርክ አገዛዝ በኋላ የመጣው የብሪታንያ ማንዴት፣ ማለትም ብሪታንያ በመንግሥታት ማኅበር ስም አገሩን ያስተዳደረችበት ሥልጣን ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1917 በባልፎር መግለጫ ለአይሁድ ሕዝብ በፍልስጤም ብሔራዊ መኖሪያ እንዲመሠረት እንደምትደግፍ ስታስታውቅ፣ አብዛኛው የአገሩ ነዋሪ ዐረብ ነበር። ሁለተኛው ሽፋን አገሩን ለሁለት ለመክፈል ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የቀረበው የ1937ቱ የፒል ኮሚሽን ሐሳብ ነው፤ ተግባራዊ ስላልሆነ ብዙ አልቆየንበትም።

በኅዳር ወር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1947 ያጸደቀውን የውሳኔ ቁጥር 181 በአዳራሻችን በትያትር መልክ አቀረብን። ውሳኔው አገሩን ለአንድ የዐረብና ለአንድ የአይሁድ መንግሥት ከፍሎ፣ ኢየሩሳሌምን በዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር የሚያኖር ነበር። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህል ለነበሩት አይሁድ ከምድሩ 55 በመቶ ያህሉን ሰጠ፤ ከዚህ ውስጥ ሰፊው ክፍል ግን የኔጌቭ በረሃ ነበር። በፍልስጤም የነበሩትን አይሁድ የወከለው የአይሁድ ኤጀንሲ ተቀበለው፤ የፍልስጤም ዐረቦች አመራርና የዐረብ መንግሥታት አልተቀበሉትም። በዚህ ዝግጅት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ በልቡ ከሚያደላበት ወገን ተቃራኒ ሆኖ እንዲቆም ተደርጓል። የዐረቡን ወገን የወከለችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ «አብዛኛው ሕዝብ እኛ ሆነን ሳለ ሳንጠየቅ አገራችን ለምን ይከፈላል?» ስትል፣ የአይሁዱን ወገን የወከለው ጓደኛዋ ደግሞ ከናዚዎች እልቂት ተርፈው በአውሮፓ መጠለያዎች ውስጥ መሄጃ አጥተው የቀሩትን ሰዎች አንሥቶ መለሰላት። ሁለቱም የራሳቸውን ሐሳብ የሚከላከሉ እስኪመስሉ ድረስ ተዘጋጅተው ነበር።

ድምፅ ሲቆጠር 33 የድጋፍ፣ 13 የተቃውሞና 10 ድምፀ ተዓቅቦ መሆኑን ያነበብነው ከሰነዱ ነው። ከዐሥሩ ተአቃቢዎች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗን ሲሰሙ አዳራሹ በጉምጉምታ ተሞላ፤ ብዙዎቹ አገራችን በዚያ ቀን በጉባኤው እንደነበረች እንኳ አያውቁም ነበር። ማንዴቱን ትመራ የነበረችው ብሪታንያ ራሷም ድምፅ ከመስጠት ተቆጥባለች።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ግን አረንጓዴው መስመር፣ ማለትም እስራኤልን ከዮርዳኖስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ የለየው የጦርነት ማቆሚያ መስመር ነበር፤ በዚህ ላይ ከማናቸውም በላይ ብዙ ጊዜ ወስደናል። እስራኤል በሜይ 1948 ነፃነቷን ካወጀችና ጎረቤት የዐረብ ጦሮች ከገቡ በኋላ በተደረገው ጦርነት 700 ሺህ ያህል ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቅለው ቀሩ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁድ ከዐረብ አገሮች ለቀው አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1948፣ የእስራኤሉ አዛዥ ሞሼ ዳያንና የዮርዳኖሱ አዛዥ አብዱላህ አል-ታል በኢየሩሳሌም ሙስራራ በተባለው ሰፈር፣ ባለቤቶቹ ጥለውት በሄዱት ቤት ተገናኝተው ጦሮቻቸው የቆሙበትን ቦታ በካርታ ላይ አሰመሩ። ዳያን አረንጓዴ፣ አል-ታል ቀይ የሰም እርሳስ ይዘው ነበር። ካርታው 1 ለ20,000 በሆነ መጠን የተነሣ ሲሆን፣ የእርሳሶቹ አሻራ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል።

አባሎቻችን ይህን ሲያነቡ ሒሳቡን ወዲያው ሠሩት፦ በወረቀቱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሆነው በመሬት ላይ 60 ሜትር ነው። ከዚያም ገመድ ይዘው ወደ ግቢ ወጡ፤ ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ተነሥተው ሲለኩ ገመዱ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሕንፃ አልፎ ከኋላ አጥሩ ደረሰ። ሕንፃው ሙሉ በሙሉ በእርሳሱ አሻራ ሥር ወደቀ ማለት ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ገመዱን እንደያዘ «ቲቸር፣ እርሳሱ የተኛበት መሬት የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይኸው ጥያቄ በኢየሩሳሌም መንገዶችና ቤቶች ላይ ለዓመታት እውነተኛ ጥል ያስነሣ ስለነበር፣ የዚያን ቀን ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ያው ካርታ በኤፕሪል 1949 በግሪኳ ደሴት ሮድስ ላይ በተፈረመው የእስራኤልና የዮርዳኖስ የጦርነት ማቆም ስምምነት ውስጥ ገባ። ስምምነቱ መስመሩ ወደፊት የሚደረግ የግዛት ስምምነትን ወይም የሁለቱን ወገኖች የይገባኛል ጥያቄ እንደማይነካ በግልጽ ጽፏል። እንግዲህ «ድንበር አይደለሁም» የሚለው መስመር፣ እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኛው ዓለም ድርድር ሲነሣ መነሻ አድርጎ የሚጠቅሰው መስመር ሆኖ ቀርቷል። ከማንዴቱ ምድር 78 በመቶ ያህሉ በእስራኤል በኩል ሲውል፣ ምዕራባዊ ዳርቻ በዮርዳኖስ፣ ጋዛ ደግሞ በግብፅ እጅ ቀሩ። በኢየሩሳሌም ደቡብ የምትገኘው የቤት ሳፋፋ መንደር ወደ ከተማዋ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ በእስራኤል በኩል እንዲቀር ሲባል ለሁለት ተከፈለች፤ እስከ 1967 ድረስ በአጥር የተለያዩ ዘመዳሞች ሠርግና ለቅሶ የሚደራረሱት አጥሩን ተጠግተው ነበር። ለቅሶ መድረስ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለኛ ተማሪዎች ማስረዳት ስለማያስፈልግ፣ ከሰነዶቹ ሁሉ ይህ በአእምሯቸው የቀረ ይመስለኛል።

የ1967ቱን የስድስት ቀን ጦርነትና እስራኤል ምዕራባዊ ዳርቻን፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን፣ ጋዛን፣ ሲናንና ጎላንን የያዘችበትን ሁኔታ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተመለከትን። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የጸጥታው ምክር ቤት የውሳኔ ቁጥር 242ን በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ የምክር ቤቱ አባል ነበረች። ውሳኔው መሬትን በጦርነት መያዝ ተቀባይነት እንደሌለው፣ በአካባቢው ያለ መንግሥት ሁሉም በታወቀ ድንበር ውስጥ በሰላም የመኖር መብት እንዳለው አጣምሮ ይናገራል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1973 ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣ በ1989 መልሳ መቀጠሏንም በዚሁ አጋጣሚ አንሥተናል።

ለተማሪዎቹ እጅግ ያስቸገራቸው እስራኤልና የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት የተፈራረሙት የ1995ቱ ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት ሽፋን ነው። ምዕራባዊ ዳርቻን በፍልስጤማውያን አስተዳደር ሥር ያለ «ኤ»፣ የሲቪል አስተዳደሩ የፍልስጤማውያን፣ የጸጥታ ቁጥጥሩ ግን የእስራኤል የሆነ «ቢ» እና «ሲ» በማለት ሲከፍለው፣ ውሎ አድሮ 60 በመቶ ያህሉ በእስራኤል ሙሉ ቁጥጥር ሥር የሚቆይ «ሲ» ሆነ። ቀለም የሚቀቡት ልጆች የ«ኤ» እና የ«ቢ» ቁርጥራጮች እርስ በርሳቸው አልገናኝ እያሏቸው ደጋግመው አጥፍተው ጀምረዋል። ይህ አከፋፈል ለአጭር የሽግግር ጊዜ የታሰበ፣ ድንበር፣ ኢየሩሳሌም፣ እስራኤል በ1967 በያዘችው መሬት ላይ የተሠሩት የአይሁድ ሰፈራዎችና ስደተኞች ለመጨረሻው ድርድር የተተዉበት ነበር፤ ድርድሩ ሳይቋጭ አከፋፈሉ ግን ጸንቶ ቆየ። በሰፈራዎቹ ላይ የራሴን አቋም ሳልደብቅ ለአባላቱ ነግሬያቸዋለሁ፦ ድንበሩ ገና በድርድር ይወሰናል እየተባለ መሬቱ ላይ ቤት መሥራት ድርድሩን ባዶ ያደርገዋል። የተቃወመኝ ተማሪ ነበር፤ ከሲና እ.ኤ.አ. በ1982፣ ከጋዛ ደግሞ በ2005 ሰፈራዎች መነሣታቸውን አስረጅ አድርጎ በሚገባ ተከራክሯል።

ከ2002 ጀምሮ በምዕራባዊ ዳርቻ በኩል የተሠራውን የመለያ ግንብ በተመለከተ እስራኤል ምክንያቷ በሁለተኛው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን አመፅ) ጊዜ በከተሞቿ የደረሱት የአጥፍቶ ጠፊዎች ጥቃቶች መሆናቸውን፣ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2004 በሰጠው አማካሪ አስተያየት በተያዘው መሬት ውስጥ የሚያልፈውን ግንባታ ሕገ ወጥ ማለቱን አንብበናል። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው የተመለሱት የአንድ አባላችን አያት ተጋብዘው መጥተው፣ ወደ ቤተልሔም ሲሄዱ ግንቡን እንዴት እንዳለፉት ነገሩን። «እኛ አውቶቡሳችን ላይ እንደተቀመጥን አለፍን፤ የአገሩ ሰው ግን ወርዶ ተሰልፎ ወረቀቱን ያሳያል፤ ልጅ የታቀፈችም ነበረች» አሉ። ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ ካርታውን ሲያዩ ዝም ብለው ቆይተዋል።

ሥራችን በጦርነት መካከል የተከናወነ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ በፈጸመው ጥቃት 1,200 ያህል ሰዎች ተገድለው 251 ታግተው ተወሰዱ፤ ከዚያ በኋላ በጋዛ በተካሄደው ጦርነት የሞቱት እንደ ጋዛ ጤና ሚኒስቴር ቆጠራ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር ከ50 ሺህ አልፈው ነበር። በዚያው ዓመት የተኩስ አቁሙ የጀመረው በጥምቀት ዕለት ስለነበር ብዙ አባላት ከበዓሉ መልስ በደስታ ነው የተገናኙት፤ መጋቢት 9 ቀን ጥቃቱ እንደገና ሲጀመር ግን ስብሰባውን ለመቀጠል ከበደን። በእስራኤሏ የአሽቀሎን ከተማ የምትኖር አክስት ያለቻት ተማሪ አክስቷ ስለ ሮኬት ማስጠንቀቂያው ድምፅና ስለ መጠለያው የላከችላትን የድምፅ መልእክት አሰማችን። ወንድሙ በኩዌት የሚሠራ ሌላ ተማሪ ደግሞ፣ ወንድሙ አብሮት የሚሠራ አንድ ፍልስጤማዊ አያቱ የተወለዱበት መንደር ዛሬ እስራኤል ውስጥ እንደሆነና አንድም ቀን አይቶት እንደማያውቅ የነገረውን አካፈለን። ሁለቱ ተማሪዎች በክርክሩ ተቃራኒ ወገን የነበሩ ሲሆን፣ የግንቦቱን ኤግዚቢሽን ጽሑፍ አብረው እንዲያዘጋጁ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

በኤግዚቢሽኑ ላይ የመጨረሻው ሰሌዳ ስለ ታባ ነበር። ግብፅና እስራኤል ከሰላም ስምምነታቸው በኋላ በቀይ ባሕር ዳር በምትገኘው በዚህች ትንሽ ቦታ ላይ ሳይስማሙ ቀርተው፣ ጉዳዩን ለግልግል ዳኞች ሰጡ። ዳኞቹ የመረመሩት በ1906 የተተከሉት የድንበር ችካሎች፣ በተለይም 91ኛው ችካል፣ የት እንደነበረ ነው። በ1988 ለግብፅ ተፈረደ፤ በ1989 እስራኤል ቦታውን አስረከበች። ሰሌዳውን ለማካተት የወሰኑት አባላቱ ናቸው፤ እኔም ይህን ምርጫቸውን እጅግ ወድጄዋለሁ።

ካርታው ከነሽፋኖቹ በቤተ መጻሕፍቱ የተቀመጠ በመሆኑ ማንኛውም ተማሪ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ጠይቆ ሊመለከተው ይችላል። ክበቡ በ2018 ዓ.ም. በሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት ለመጨረሻው ድርድር ከተተዉት ጉዳዮች አንዱ የሆነውን የምዕራባዊ ዳርቻን የከርሰ ምድርና የዮርዳኖስ ወንዝ ውኃ ድርሻ ያጠናል፤ አዲስ አባላት በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ይመዘገባሉ።