ማስረጃ ያልገደለው ሐሜት

ውድ ወንድሜ ታደሰ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማም ስምህን ሳታነሳ አትውልም። የቤቱን ወሬ ለሌላ ቀን ላቆየውና ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርህ።

ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ አስፋልት ዳር መጽሐፍ የሚዘረጉትን ታስታውሳቸዋለህ። ባለፈው ቅዳሜ እዚያ አንዲት ቀጭን ጥራዝ አየሁ፤ ፎቶ ኮፒ ናት፣ ሽፋኗ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ዓይን ተስሏል። ባንኩንም ጦርነቱንም በሽታውንም በስውር የሚያዙት አይሁድ ናቸው ትላለች። ሁለት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዟት። አንደኛው «ዶላር ለምን እንደሚወደድ ይኸው እዚህ አለልህ» አለው ጓደኛውን።

ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ኑሮው እነሱንም እያንገበገባቸው ነው። ግን ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን የተደረገው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በይፋ ተነግሮ፣ ሁላችንም እየሰማን ነው። በግልጽ የተወሰነን ነገር ትቶ ስውር እጅ መፈለግ ምን ይባላል?

ወሬው አዲስ አይደለም። አይሁድ ዓለምን በስውር ሊገዙ አሲረዋል የሚለው፣ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የሚሉት የሐሰት ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1903 ሩሲያ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ1921 የለንደኑ ታይምስ፣ ሞሪስ ጆሊ የተባለ ፈረንሳዊ በ1864 የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊን ለመንቀፍ ካሳተመው መጽሐፍ የተገለበጠ መሆኑን ሁለቱን ጽሑፎች እያስተያየ አጋለጠ። ምን ዋጋ አለው! የመኪና አምራቹ የሄንሪ ፎርድ ጋዜጣ አሜሪካ ውስጥ ነዛው፣ ናዚዎችም መሣሪያ አደረጉት። ከዚያ በፊትም ቢሆን፣ ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን ሲፈጅ «አይሁድ የውኃ ጉድጓድ መርዘው ነው» ተባለ። ጳጳሱ ክሌመንት 6ኛ ወረርሽኙ አይሁድንም እየገደለ ነው ብለው ተከራከሩ፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነበር። በየካቲት 1349 ስትራስቡርግ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩትን አቃጠሏቸው።

እኔ የገባኝ ይህ ነው፦ ልጁ የሞተበትን ሰው «ምክንያቱ አልታወቀም» የሚል መልስ አያሳርፈውም፤ ስም ያለው ጠላት ግን ያሳርፈዋል። ጠላቱ ደግሞ አጠገቡ ያለው ነው። በብዙ አገር አይሁድ መሬትም የሙያ ማኅበርም ተከልክለው ከፊሎቹ አበዳሪ ሆኑ፤ ባለዕዳው የሚያየው አበዳሪውን እንጂ ግብር የጫነበትን ንጉሥ አይደለም። አንዴ ከታመነ ደግሞ ማስተባበያው ራሱ ማስረጃ ይሆናል፤ «ጋዜጣውም የእነሱ ነው» ይሉሃል።

እኛስ? ቤተ እስራኤልን ርስት ነስተን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሲሆኑ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» አላልንም? የሠሩትን ማረሻ ይዘን እያረስን፣ ልጅ ሲታመም በእነሱ አሳብበናል። ዛሬ በንግሥተ ሳባ የምንኮራ ሰዎች ያችን ጥራዝ እየገዛን ነው፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ።

የእኅቴ ልጅም በቴሌግራም የሚደርሰውን እንዲህ ያለ ወሬ እየላከልኝ ነው። ስቆጣው ይዘጋኛል፤ ስጠይቀው ግን ያወራል። አንተ ጎንደር ያደግህ ነህ። ስለታረደው ጅብ፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ ስለሚባለው፣ አያትህ የነገሩህን እንዳለ ጻፍልኝ፤ ማን አየሁ እንዳለ፣ ማንስ በዚያ ወሬ ምክንያት ከጎረቤቱ እንደራቀ። አብሬው ቁጭ ብዬ ላነብለት ነው። እሑድ ይመጣል፣ ቢቻልህ ከዚያ በፊት ላክልኝ።

ወዳጅህ፣
ሰሎሞን
አዲስ አበባ