ስምንተኛውን ክፍል አይተሽዋል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ይህን ያህል ዘመን ድምፄን ማጥፋቴ እንዳስቀየመሽ አውቃለሁ፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ምክንያት መደርደር ብጀምር ግን ደብዳቤው በዚያው ያልቅና የተነሣሁበት ጉዳይ ሳይነገር ይቀራል፤ ስለዚህ ቁጣሽን ለሚቀጥለው ጊዜ አቆዪልኝ። ሁላችንም ደኅና ነን፤ ትልቋ ልጄ በቁመት እኔን አልፋኛለች፤ እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ይልቅ ስምንተኛውን ክፍል አይተሽዋል? የየትኛውን ድራማ እንደምል መቼም አትጠይቂኝም። ትዊን ፒክስ፣ ያ ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት የፈጠሩት፣ የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪው ኩፐር የተማሪዋን የላውራ ፓልመርን ገዳይ የሚፈልግበት ድራማ፣ ባለፈው ግንቦት ተመልሶ መጀመሩን ሰምተሽ ዝም ብለሽ የምትቀመጪ ሴት አይደለሽም፤ ያኔ ከፒያሳ ካሴት ለመከራየት ያን ሁሉ መንገድ በእግራችን ያስኬድሽን ፍቅር ዕድሜ ያበረደው አይመስለኝም። አሁን ደግሞ በፍላሽ እየተገለበጠ ቤትሽ ድረስ እንደሚመጣልሽ እገምታለሁ። ካላየሽው እባክሽ አስቀድመሽ እዪውና ከዚያ ወደዚህ ደብዳቤ ተመለሺ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ምሥጢሩን የሚያወጣ ነው።

ክፍሉ የተላለፈው እሑድ ሰኔ 18 ማታ ነው። ዛሬም እሑድ ነው፤ ነገር ግን በአሜሪካ የነጻነት በዓል ሳምንት ምክንያት የዛሬው ተዘልሎ ዘጠነኛው ክፍል የሚመጣው ሐምሌ 2 ነው። በዚህ ክፍተት ተመልካቹ ለሁለትም ለሦስትም ተከፍሎ ሲከራከር ሰንብቷል፤ እኔም በማታው እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስለ አንድ ነገር ሳስብ አመሻለሁ። ስለዚህ ነገር ልነግረው የምችለው ሰው ደግሞ ካንቺ በቀር የለኝም።

ክፍሉ ሲጀምር የተለመደ ነበር። ክፉው ኩፐር፣ ያ የመርማሪውን መልክ የያዘው ክፉ አምሳያው፣ ከወንጀል ባልደረባው ከሬይ ጋር ከእስር ቤት ወጥተው በሌሊት ሲጓዙ ሬይ ተኩሶ ይጥለዋል፤ ከጨለማው ውስጥ መላ አካላቸው ጥላሸት የለበሰ ሰዎች ወጥተው ይከቡታል፤ ከሰውነቱም በሰው ላይ የሚያድረውን የክፉውን መንፈስ የቦብን ፊት የያዘ ድቡልቡል ነገር ሲወጣ እናያለን። ቀጥሎ አንድ የሮክ ባንድ ሙሉ ዘፈን ይጫወታል። ከዚያ በኋላ ነው ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ሆኖ እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1945፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ዋይት ሳንድስ የሚል ጽሑፍ የወጣው። የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ይሆናል። ካሜራው ከሩቅ ተነሥቶ በዝግታ ወደ ፍንዳታው ደመና ይቀርባል፤ ይቆማል ስትዪ አይቆምም፤ እሳቱ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቆያል። የሚሰማው ፖላንዳዊው ፔንዴሬትስኪ ለ52 የአውታር መሣሪያዎች ደርሶ ለሂሮሺማ ሰለባዎች መታሰቢያ ብሎ የሰየመው ሙዚቃ ነው፤ ሙዚቃ ከምለው ጩኸት ብለው ይቀለኛል። በዚያ ሁሉ መካከል ፊት የሌለው አንድ ፍጥረት ከአፉ የእንቁላል ጅረት ይተፋል፤ ቦብም ከዚያው ጅረት ጋር ይወጣል። በሌላ ቦታ፣ በሰፊ ባሕር መካከል በሚገኝ ቋጥኝ ላይ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ፣ ያ የምናውቀው ግዙፉ ሰው የሆነውን ሁሉ በሲኒማ መጋረጃ ላይ ይመለከታል፤ ከዚያም ወደ ላይ ይንሳፈፍና ከራሱ ወርቃማ ብርሃን ይፈልቃል። ከብርሃኑ ውስጥ የላውራ ፓልመር ፊት ያለባት ኳስ ትወጣለች፤ አብራው ያለችው ሴት ኳሷን ስማ ወደ ምድር ትልካታለች።

የዚሁ ስምንተኛ ክፍል ማብቂያ በዚያው በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1956 ሌሊት የሚሆን ነው። ከእንቁላሎቹ አንዱ ተፈልፍሎ ግማሹ እንቁራሪት፣ ግማሹ ክንፍ ያለው ነፍሳት የሚመስል ነገር ይወጣል። ከጥላሸታሞቹ ሰዎች አንዱ ወደ አንድ አነስተኛ የሬዲዮ ጣቢያ ገብቶ ያገኛቸውን በእጁ እየጨፈለቀ ማይክሮፎኑን ይይዝና ስለ ውኃና ስለ ጉድጓድ የሚናገሩ ጥቂት ቃላትን ደጋግሞ ያነበንባል። የሰሙት ሁሉ ባሉበት እንቅልፍ ይጥላቸዋል። አንዲት ልጃገረድም፣ ከአንድ ወጣት ጋር በእግሯ ወደ ቤቷ ስትመለስ ያየናት ልጅ፣ ሬዲዮዋን ከፍታ አልጋዋ ላይ እንዳለች ትተኛለች፤ ያ ፍጥረት በመስኮት ገብቶ ወደ አፏ ይዘልቃል። ያን ሌሊት ዓይኔን በነጠላዬ ሸፍኜ በቀዳዳው ነው ያየሁት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ይህን ከእኛ ሰዎች ያነሣ አልሰማሁም። በሂሮሺማ ላይ ቦምቡ የወደቀው እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ጧት ነው እንላለን፤ በዚያች ሰዓት ግን አሜሪካ ውስጥ ገና ኦገስት 5 ነበር፤ ኒው ሜክሲኮ ላይ ፀሐይ አልጠለቀችም። ሊንችና ፍሮስት ቀኑን አስበው መርጠውት ይሁን አይሁን መናገር አልችልም፤ እኔ ግን ካሰላሁት ወዲያ ያችን የተኛች ልጅ ከዚያ ቀን ለይቼ ማየት አቃተኝ።

እንግዲህ ስለ ክርክሩ። እሑድ እሑድ ማታ ቤታችን የሚሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ያን ማታ የተፈላው ቡና ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ሥዕል የተማረው ጓደኛችን እንባው እየወረደ በቴሌቪዥን ይህን የመሰለ ሰዓት ታይቶ አያውቅም አለ፤ ሊንች ፊልም ሠሪ ከመሆኑ በፊት በፊላደልፊያ ሥዕል ያጠና ሰው ነውና ይህን ክፍል እንደ ሥዕል እንጂ እንደ ታሪክ አትዩት ብሎ ተሟገተ። ነርስ የሆነችው ደግሞ ከልቧ አዝና ተነሣች፤ ሃያ አምስት ዓመት ኩፐርን ጠብቀን ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ቡና መጠጣት እንኳ ሰው የሚያስታውሰው ደካማ አድርገው ሰጡን፤ ከ18ቱ ክፍሎች ስምንቱ ሲያልቁ ጭራሽ እሱ የሌለበት ሰዓት እንድናይ አደረጉን ብላ ወጣች። እሷን አልፈርድባትም፤ የጠበቀ ሰው ቢቆጣ መብቱ ነው። እኔ ግን ከሠዓሊው ጋር ነኝ፤ ጣቢያዎች ተመልካች እንዳይሸሽ በሚፈሩበት ዘመን አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ንግግር ያህል እንዲያልፍ የፈቀደ ሥራ ክብር ይገባዋል።

ሦስተኛው ወገን የበለጠ ያሳስበኛል። እነዚህ የሚሉት ቦብ ከየት እንደ መጣ መታየት አልነበረበትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የቴሌቪዥን ጣቢያው ገዳዩ ይገለጥ ብሎ ግፊት ካደረገ በኋላ ድራማው እንዴት እንደ ተዳከመ ታስታውሻለሽ፤ ሊንችም ራሱ በዚያ እንዳዘነ ደጋግሞ ተናግሯል። አሁን ያው ስሕተት በገዛ እጁ ተደገመ ይላሉ። በዚህ አልስማማም፤ ያየነው መልስ የሰጠ አይደለም፤ ጥያቄውን ከአንዲት ከተማ አውጥቶ ዓለም ያህል አሰፋው እንጂ። ከእነዚሁ ጋር የቆመች አንዲት ሴት ግን ልቤን ነካችው። ላውራ እኮ የሰው ልጅ ነበረች አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው የትዊን ፒክስ ፊልም የመጨረሻ ቀኖቿን ያየን ሁሉ በቤቷ ውስጥ የተሠቃየች አንዲት ልጅ መሆኗን እናውቃለን፤ አሁን ከሰማይ የተላከች የወርቅ ኳስ ካደረጓት ሥቃይዋ የማን ሊሆን ነው? ይህን ስትል ዝም አልኩ። በኋላ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ኳሷ ላይ ያለው ፊት ያ የትምህርት ቤት ፎቶዋ ነው፤ ዘውድ አድርጋ የምትስቅበት። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ያን ፎቶ እንጂ ልጅቷን አልነበረም። ታዲያ የተላከችው ማን ናት? ፎቶው ነው ወይስ ልጅቷ?

አሁን ወደ ጭንቀቴ ደረስኩ፤ እንዴት እንደምጽፈውም አላውቅም።

ላውራን የገደላት ቦብ ያደረበት የገዛ አባቷ ሊላንድ መሆኑን ልጄም ታውቃለች። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ትልቋ ልጄ ሳሕን እያነሣች፣ እንደ ቀልድ ሳይሆን ከልቧ፣ «እማዬ፣ ቦብ ከቦምቡ ከመጣ እኮ አባትየው ጥፋተኛ አይደለም ማለት ነው» አለችኝ። ዕድሜዋ የላውራ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ልመልስላት አፌን ከፍቼ ምንም አልወጣኝም። እናውቀዋለን እኮ ይህን ንግግር፤ «ሰይጣን አሳስቶት ነው»። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ተንበርክኮ ሲያለቅስ፣ ጥፋቱ ሁሉ ለዚያ ለማይታየው ተሰጥቶ ሰውየው ነጽቶ ሲነሣ። የዚያችን ልጅ ነገር ታስታውሻለሽ። ያን ቀን አንቺ ከጊቢው በር ላይ ሆነሽ የተናገርሽውን እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁም፤ ሕግ ለማጥናት የወሰንሽውም ከዚያ ወዲህ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። ያኔ ስለ ሊላንድ ስንከራከር አንቺ «ቦብ ሰበብ ነው፤ አባትየው ነው» ስትዪ እኔ ቦብ በእውነት አለ እያልኩ የምሟገተው አንቺን ለማናደድ ብቻ አልነበረም። አባት በገዛ ልጁ ላይ ይህን ያደርጋል ብዬ ማደር አልችልም ነበር። ቦብ መኖሩ እንቅልፍ ይሰጠኝ ነበር።

ለልጄ ልመልስላት ብዬ የድሮውን የሊላንድ ሞት እንደገና ከፍቼ አየሁት። በእስር ክፍሉ ወለል ላይ ወድቆ፣ ራሱ በኩፐር እቅፍ ላይ ሆኖ፣ ልጅ ሳለ ቦብ እንጫወት ብሎ እንደ መጣና እሱም እንዳስገባው ይናገራል። አስገባሁት ነው የሚለው። በስምንተኛው ክፍል ያለችው ልጅ ግን ማንንም አላስገባችም፤ ተኝታ ነበር። ብዙዎች ያች ልጅ የላውራ እናት ልትሆን ትችላለች ብለው ይገምታሉ፤ ቢሆንም ባይሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አንዱ በሩን የከፈተ ነው፣ ሌላዋ በእንቅልፏ የተገባባት። ከዚያም በጫካው ውስጥ ኩፐር ሸሪፉን፣ ሰው የገዛ ልጁን እንደ ገደለ ማመን ይቀላል ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ የኩፐር ባልደረባ አልበርት ደግሞ ቦብ ማለት ምናልባት ሰዎች የሚሠሩት ክፋት ብቻ ሊሆን እንደሚችል ሲናገር ሰማሁ። አልበርትን የተጫወተው ሚጌል ፌረር ባለፈው ጥር ዐርፏል፤ ድምፁን ስሰማ አለቀስኩ።

ለልጄም ይህን አልኳት። ቦምቡን ከሰማይ የጣለው የለም፤ ሰዎች አስበው፣ አስልተው፣ ሰዓት ቆርጠው ያፈነዱት ነው። ክፍሉ ቦብን ከእሳቱ ሲያወጣው ጥፋቱን ከሰው ላይ አላነሣም፤ መጀመሪያ በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ ነው ያሳየን። አባትየውም የከፈተውን በር ያውቀው ነበር።

እሷ ግን ያንቺ ልጅ ብትሆን ይሻላት ነበር፤ ወዲያው ያዘችኝ። «ልጅ ሳለ ነው እኮ ያስገባው፤ ልጅ ምን ያውቃል?» አለችኝ። እዚህ ላይ ቆምኩ፤ እስካሁንም እዚያው ነኝ። ሊላንድ ልጅ ሳለ ምን እንደ ደረሰበት ሳስብ እቆጣለሁ፣ አዝንለታለሁም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሸከም እንዴት እንደሚቻል ማንም አላስተማረኝም። አንቺ ግን በየቀኑ እንዲህ ያሉ ሰዎችን በፍርድ ቤት ፊት ለፊት ታያለሽ፤ የልጆቹንም ቃል ትሰሚያለሽ። ከንድፈ ሐሳብ ይልቅ ያንቺን መልስ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ይህን በኢሜይል ልኬልሻለሁ፤ ከሐምሌ 2 በፊት እንደምትመልሺልኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዘጠነኛው ክፍል መጥቶ ሁላችንንም ወደ ሌላ ነገር ይወስደናል። መጻፍ ከከበደሽ ደውዪ፤ ልጄም አጠገቤ ትሆናለች፤ ከእኔ ይልቅ ካንቺ ብትሰማው ትመርጣለች። እኔ የምጠይቅሽ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ሊላንድ በልጅነቱ የደረሰበትን ነገር ሰው ከሆነ በኋላ በልጁ ላይ ከሠራው ላይ ትቀንሺለታለሽ ወይስ አትቀንሺለትም?

ሁልጊዜ የምታስብሽ እህትሽ