የቧንቧ ማሞቂያ ገመድ ላስገጠማችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ብርዱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስልካችን አያርፍም። «ዘይቱ ቧንቧው ውስጥ ረግቷል፣ ገመዱ አይሞቅም» ትሉናላችሁ። በተለይ ሱሉልታና ሰበታ ያላችሁ የሳሙና አምራቾች ተቸግራችኋል። ለሁላችሁም አንድ ላይ እንመልስ ብለን ይህን ጻፍን።

ካየናቸው ውስጥ በአብዛኛዎቹ ገመዱ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ሙቀቱን እያየ ገመዱን የሚያበራውና የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ዕቃው የተሠራው ውርጭ ለሚበረታባቸው አገሮች ነው። እዚያ ሰው የሚፈራው ውሃው ቧንቧ ውስጥ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቀው ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣው 5 ዲግሪ አካባቢ ላይ ተስተካክሎ ነው። የፓልም ዘይት ግን እስከዚያ አይጠብቅም፤ ገና 30 ዲግሪ አካባቢ ላይ መርጋት ይጀምራል። ዘይቱ ረግቶ እያለ መቆጣጠሪያው «ገና አልበረደም» ብሎ ተኝቷል ማለት ነው። ለፓልም ዘይት 45 ላይ አድርጉት። ማር የምታሽጉ ከ40 አትለፉ፣ ማሩ ይጎዳል።

አንድ ደንበኛችን ደግሞ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የጣሪያ በረዶ ማቅለጫ መቆጣጠሪያ አምጥቶ አስገጠመ። ያ ዕቃ የሚያበራው ቅዝቃዜና እርጥበት አንድ ላይ ሲሰማው ብቻ ነው፤ በደረቅ ብርድ ዘይቱ ቢረጋም አያበራም። የእኛ አገር በረዶ እንደሆነ በክረምት ጣሪያውን ደብድቦ ወዲያው የሚቀልጥ ነው። ለቧንቧ እንዲህ ዓይነቱን አትግዙ።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ካልሞቀ ሴንሰሩን፣ ማለትም የቧንቧውን ሙቀት የሚለካውን ጫፍ፣ እዩ። ቧንቧው ላይ ተጣብቆ፣ ከገመዱ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ገመዱን ከነካ ቧንቧው የሞቀ ይመስለውና ቶሎ ያጠፋል። ቧንቧው የተጠቀለለበት የመስታወት ሱፍ ውሃ ከጠጣም ሙቀቱ በከንቱ ያልቃል።

ገመዱን የምታስቆርጡ ከሆነ፣ እባካችሁ ኤሌክትሪሺያኑ መጨረሻው ላይ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች እንዳያገናኛቸው። ሙቀቱ የሚመጣው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ካለው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ከተገናኙ ሾርት ነው። ይህን ስህተት ጎበዝ የሚባሉ ባለሙያዎችም ሲሠሩት አይተናል። ጫፉ ለየብቻ ተቆርጦ፣ ውሃ በማያስገባ መዝጊያ ይታሸግ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብሬከሩ ከወረደ አትደንግጡ። ገመዱ ሲበርድ ብዙ ከረንት ይስባል። መስመሮቹን አንድ በአንድ አብሩ። አንድ መስመር ብቻውን በርቶም ብሬከሩን የሚያወርድ ከሆነ ግን እርጥበት ገብቶ ወይም ገመዱ ተጎድቶ ይሆናል። ያን ጊዜ ብሬከሩን በትልቅ አትቀይሩ፣ አጥፍታችሁ ጥሩን።

ባለፈው ዓመት የገጠምንላችሁን በተመለከተ ጥፋቱ የእኛ ነው። አንዳንዶቹን ቁጥሩን ሳንቀይር ትተናቸው ሄደናል። መጥተን በነፃ እናስተካክላለን። ስትደውሉ መቆጣጠሪያው ላይ የሚታየውን ቁጥርና ቧንቧው ውስጥ ምን እንደሚያልፍ ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር
የገጠማና ጥገና ክፍል