ለመንገደኛም የሚሆን መጽሐፍ ይቅረብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መንገደኞች በሚበዙባቸው ቦታዎች የሚገኙ የመጻሕፍት መሸጫዎች ምርጫ እጅግ የጠበበ መሆኑንና የጉዞ መጻሕፍት እንደሚጎድሏቸው ለማሳሰብ ነው። በቅርቡ ወደ ላሊበላ ልጓዝ ስነሳ የገባሁበት አንድ ሱቅ መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች ስለ ሀብትና ስኬት በሚሰብኩ የትርጉም ሥራዎች ተሞልቶ፣ ስለ አገር የሚናገረው ግን ፀሐይ ያነጣው አንድ ካርታ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከገለጸ በኋላ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰግቷል፤ ይህን አንብቦ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ የሚቆም ጎብኚ ከአስጎብኚው ገለጻ የማያገኘውን ያገኛል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተማቸው አምስት ቅጾች የዓባይን ምንጭ ቀድሜ አየሁ ብሎ ቢኮራም፣ ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ከምንጩ፣ ከግሽ ዓባይ ደርሶ ነበርና ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ከልብ ወለድ ያላነሰ ደስታ አለው (የብሩስን ጉራ ጨምሮ)።

የእኛም ሰው ተጉዞ ጽፏል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን በመጽሐፍ አስቀርተውልናል፤ ይህን ሥራ ግን አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ ካልሆነ በቀላሉ ማግኘት አይቻልም።

ሻጮች ገበያ የለውም ይሉ ይሆናል፤ ሆኖም አሳታሚዎች እነዚህን ሥራዎች በኪስ መጠንና በተመጣጣኝ ዋጋ አሳትመው ቢያንስ በአውቶቡስ መናኸሪያዎችና በሆቴሎች እንዲሞክሩ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ